ሰነፉ ቋንቋና የወይዘሮ አማረች ውኃ

ባለፈው ሳምንት የስልኬን ቻርጀር ላሠራ ሲቀላ ገበያው ዳር ካለች ጠባብ ሱቅ ገብቼ ነበር። ጠጋኙ ከጀርባው የተነፋ አሮጌ ሞኒተር ፈትቶ ኖሮ እኔ ስገባ አበራው። ምስሉ ከመምጣቱ በፊት ሽታው መጣ፤ የጋለ አቧራ ሽታ፣ የዱሮ ቢሯችን ሽታ። «ይቀመጡ እንጂ፣ እናቴ» አለኝ ዱካ እየገፋልኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ቻርጀሩን እዚያው ትቼለት ወጣሁና ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት በእግሬ ተያያዝኩት። በዚህ ዕድሜ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያንን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው ወይ ለባጃጅ የሚከፍለው ያጣ ነው፣ ወይ ልቡ አልረጋ ያለው ነው። የባጃጁ በቦርሳዬ ነበረኝ።

ያ ቢሮ በነበረበት ዘመን ባጃጅ የሚባል አልነበረም። ከሲቀላ ሴቻ በሚኒባስ ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ረዳቱ ሃያ አምስቷን መመለስ ሲታክተው በምትኩ ማስቲካ ይሰጠን ነበር። እኔ ማስቲካ አልወድም፤ ግን ለሃያ አምስት ሳንቲም ከረዳት ጋር መጨቃጨቅ ለቢሮ ሴት ነውር ይመስለኝ ነበርና ቦርሳዬ ሁልጊዜ ማስቲካ እንደሞላ ነው። የቢሮ ሴት ስል፣ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለው ኮት በዚያ ሙቀት ለብሰን፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጉርድ ቀሚስ አድርገን፣ በላብ ተጠምቀን ነው። ሲቀላ ማዞሪያው ላይ ካሴት ቤት ነበረ። አንድ ዘፈን ከወደዱ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ነው፤ ክሩ ተስቦ የዘፋኙ ድምፅ እንደ ሰካራም መጎተት እስኪጀምር ድረስ አይቀይሩትም። ከማዶው ማንጎ በክምር ይሸጣል፤ በቁጥር የሚገዛ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። ዛሬ ካሴት ቤቱ የነበረበት ቦታ የስልክ ካርድና የሞባይል ገንዘብ ይሠራበታል። ማንጎው በቁጥር ሆኗል፤ እንግዳና ባለአገር መለየት ቀርቷል።

የምሠራው ሴቻ ላይ በነበረች፣ ዛሬ ስሟንም የሚያስታውስ በሌለ አንዲት ትንሽ የመስኖ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ነበር። ሦስት ኮምፒዩተር ነበረን። ጸሐፊያችን እትዬ ሙሉ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል እንደ ሙሽራ ያለብሷቸው ነበር፤ ጠዋት ስንገባ ገልጠን፣ ማታ ስንወጣ አልብሰን። የውኃ ተራ የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፈው ኢንጂነር መላኩ የሚባል፣ ውጭ ተምሮ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። የጻፈበት የኮምፒዩተር ቋንቋ እዚህ ከተማ ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። በመካከላችን «ሰነፉ» እንለው ነበር። ስድብ አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ይህን አስላ ብትለው እሺ ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ውጤቱን የሚፈልግ እስኪመጣ ድረስ አይነካውም። የሚፈልግ ካልመጣ ጭራሽ አይሠራውም። ሌላው ጠባዩ የሰጡትን ሁሉ ሳይመረምር መቀበሉ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ይህ ዕቃ ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ ብለው ገና በሩ ላይ ይጠይቃሉ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ያስገባና በሥራው ሰዓት ያገኘውን ይዞ ይቀጥላል።

«የማይበላ ወጥ ለምን ይሠራል? ጎበዝ ቋንቋ ማለት ይሄ ነው» ይል ነበር መላኩ፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አገኘና ሄደ። የመጨረሻው ቀን ላይ፣ «ፀሐይ፣ አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለ» አለኝ። «መዝገብ ሲገባ፣ ቁጥር የተባለው በእርግጥ ቁጥር መሆኑን የሚያጣራ ክፍል ጻፊለት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።» እሺ አልኩ። በደብተሬም ጻፍኩት። ከዚያ አንዱ ሥራ ሌላውን እየገፋው ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ ያቺ የግማሽ ሰዓት ሥራ ከደብተሬ ሳትወጣ ቀረች።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ነገር እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በጫኖ በኩል ስልሳ ማሳዎች ከአንድ ቦይ ይጠጣሉ፤ ሙዝ፣ ማንጎ፣ በቆሎ። እያንዳንዱ ማሳ ተራ ቁጥር አለው። ውኃ በሞላበት ወራት ሁሉም በፈለገበት ሰዓት ይከፍታል፤ የምናወጣው ወረቀትም «ቦዩ ክፍት ነው» ብቻ ይላል። ውኃ ሲያንስ ግን አንድ ሳምንት ከአንድ እስከ ሠላሳ ያሉት፣ በቀጣዩ ሳምንት ከሠላሳ አንድ እስከ ስልሳ ያሉት ቀንና ሰዓት ይመደብላቸዋል። የሳምንቱ ባለተራ ያልሆኑት ከወረቀቱ ግርጌ «ውኃ ከተረፈ» በሚለው ሥር ይዘረዘራሉ። በበጋ ውኃ ተርፎ አያውቅም።

ወረቀቱን በየሰኞው የሚወስደው የቦዩ ጠባቂ ጋሽ ባሳ ነበር። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ የማይለየው የጋሞ ሰው ነው። ገበሬዎቹ ራሳቸው መርጠውት ብዙ ዘመን ውኃ ሲያካፍል ኖሯል፤ እኛ ወረቀት ከማምጣታችን በፊት ተራውን ሁሉ በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። አማርኛውን ከገበያ ስለተማረ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው። «ፀሐይ፣ ደህና አደርክ? ወረቀት ደረሰ?» ይለኛል በሩ ላይ ቆሞ፤ ጭቃ እንዳያስገባ ብሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ማተሚያችን እየጮኸ ወረቀቱን ሲተፋ በትዕግሥት ይጠብቅና አራት አጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ያስገባዋል።

ያ በጋ ከባድ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አማረች የምትባል ሴት ቢሮ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ከካምባ ወርዳ ጫኖ የከተመች፣ ሙዝ እያለማች ልጆቿን የምታሳድግ ናት። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። የሙዝ ቅጠል ነው፤ እንደ ወረቀት ደርቋል፤ ስትነካው ተሰባበረ።

«አንቺ ነሽ አሉ ወረቀት የምታወጪው» አለችኝ። «ስድስት ሳምንት ውኃ አላየሁም። በላይ ያለው ይጠጣል፣ በታች ያለው ይጠጣል፣ እኔ መካከል ላይ ቁጭ ብዬ ሲያልፍ አያለሁ። ባሳን ስጠይቀው ወረቀቱ አላዘዘም ይለኛል። ወረቀት ሰው ነው እንዴ የሚያዘው?»

«ጋሽ ባሳ እንዲህ ያለ ሰው አይመስለኝም» አልኳት።

«እኔም አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን ሽማግሌዎቹ ጋ ከስሼዋለሁ። ቅዳሜ ዱቡሻ ላይ ይቆማል።»

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት አደባባይ ነው። እዚያ ውኃ በልቷል የተባለ ሰው የሚያጣው ሥራውን ብቻ አይደለም። እሳት አይጫርለትም፤ ለቅሶው ላይ የሚቆም አይኖርም።

እሷ እንደወጣች መዝገቧን ከፈትኩ። የወይዘሮ አማረችን ተራ ቁጥር አሳየኝ አልኩት። 14 አለ። ልክ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ባለተራ መሆን አለባት። ወረቀቶቹን ደርድሬ አየሁ። በስድስቱም ላይ ግርጌ ናት፤ «ውኃ ከተረፈ» ሥር። የእሷ ተራ በሆኑት በሦስቱ ሳምንታት እንኳ አሥራ ሦስት ከላይ አለ፣ አሥራ አምስት ከላይ አለ፣ አሥራ አራት ብቻ ከቦታዋ ወርዳ ታች ተቀምጣለች። ስህተት ነው የሚል መልእክት የለም፤ ማሽኑ አልቆመም፤ አላጉረመረመም። በራሱ ሙሉ እምነት አለው።

እንግዲህ በፕሮግራም ውስጥ ጉድለት መፈለግ፣ ላልሞከረው ሰው፣ የጠፋ በግ እንደ መፈለግ ይመስለዋል፤ ከአንድ ጫፍ ተነሥተህ እየተጣራህ ትሄዳለህ። በሰነፉ ቋንቋ ግን እንዲያ አይሆንም። በየመካከሉ «እዚህ ደርሻለሁ» የሚል መልእክት እንዲጽፍልኝ አስገባሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ። አስኬድኩት። ሦስተኛው መጀመሪያ ወጣ። ከዚያ አንደኛው። ሁለተኛው ጭራሽ አልመጣም፤ ውጤቱን የሚፈልገው ስላልነበረ ያንን መስመር አልነካውም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ እንዲህ አለፈ። እነሣለሁ፣ እስከ አጥሩ እሄዳለሁ፣ ከዳገቱ በታች ያለውን ሐይቅ አያለሁ፣ ሳላየው እመለሳለሁ። እትዬ ሙሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ» አሉኝ። ምሳ ሰዓት ላይ አሣ ጥብስ አዘን፣ እኔ አጥንቱን ስለቅም ዋልኩ እንጂ መብላቴን አላስታውስም።

ያኔ የደረሰብኝን ዛሬ ፕሮግራም ለሚጽፉ ልጆች ሳወራቸው ፈገግ ይላሉ። የእነሱ ማሽን ስህተቱን ገና ሲጽፉት በቀይ ያሰምርበታል። ደግ ነው። እኔ ግን እስካሁን ሁሉም ነገር ልክ ሲመስል ነው ዕረፍት የማጣው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ በሩን ቆልፌ ከወጣን በኋላ ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ ስመለስ፣ «ያ በጋ ነው ያበላሸሽ» ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ከረፋዱ ጀምሮ መብራት ጠፋ። ቢሮ ተቀምጬ መጠበቅ ስላልሆነልኝ ሲቀላ ወረድኩ። ማንጎ ተራው ጋ ጋሽ ባሳን አገኘሁት። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ራሱ ላይ ሳያደርገው ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ፀሐይ፣ ሰማህ?» አለኝ።

«ሰማሁ፣ ጋሽ ባሳ።»

«ወረቀቱ ልክ ነው?»

ምን ልበለው? «እየፈለግሁ ነው። እስካሁን ያየሁት ሁሉ ልክ ይመስላል።»

ራሱን ነቀነቀ። «ወረቀቱ ልክ ከሆነ፣ ሴትዮዋም እውነቷን ከሆነ፣ ታዲያ የቀረው ጥፋተኛ እኔ ነኝ» አለ። ቁጣ የለበትም። ይልቅ እንደ ልጅ ነገሩ እንዲገባው የሚፈልግ ይመስላል። ካሴት ቤቱ በባትሪ የከፈተው ዘፈን በመካከላችን ይጮህ ነበር። ስንለያይ እንደ ልማዱ ከኪሱ ማንጎ አውጥቶ ሰጠኝ። ያን ማንጎ መብላት ከበደኝ።

ዓርብ መብራት ሲመጣ ማለዳ ገባሁ። ቁጥሯን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ 14 ነው። እንግዲህ ማየት ካልረዳኝ ልሠራበት ብዬ፣ በእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ላይ አንድ ደምር አልኩት። አሥራ ሁለት የነበረው አሥራ ሦስት ሆነ። አሥራ ሦስት የነበረው አሥራ አራት። ወይዘሮ አማረች ጋ ሲደርስ 141 አለኝ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ደግሜ አስኬድኩት፤ 141። አልደመረም፤ አንድን ከጎኑ ለጠፈበት። በዚያ ቋንቋ በቁጥር ላይ አንድ ስትደምር ይደምራል፤ በጽሑፍ ላይ ስትደምር ግን ይቀጥላል። ስለዚህ ያ 14 ቁጥር አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። ቁጥርና ጽሑፍ ሲያወዳድር ደግሞ አይጣላም፤ ጽሑፉን ከቁጥሮች ሁሉ ኋላ ያስቀምጠዋል። አሥራ አራት ከስልሳም በኋላ ሆነች ማለት ነው፤ በአንደኛው ሳምንትም በሁለተኛውም ባለተራ አትሆንም። ግን ለምን ጽሑፍ ሆነ? ፊደል በፊደል ፈትቼ አየሁት። ሁለተኛው አራት ነው። የመጀመሪያው አንድ አይደለም። ትንሹ የእንግሊዝኛ ኤል ነው፤ በዚያ ሞኒተር ላይ ከአንድ ቁጥር በምንም የማይለየው።

ከዚያ በጋ በፊት፣ ታምሜ ቀርቼ በነበረበት አንድ ቀን፣ ከመዝገቡ ጥቂት መስመሮች እትዬ ሙሉ ነበሩ የተየቡልኝ፤ ከእነሱ አንድ ቁጥር ያለባት አሥራ አራት ብቻ ናት። ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ።

«እትዬ ሙሉ፣ አንድ ቁጥርን እንዴት ነው የሚመቱት?»

ሳይጠራጠሩ በቀኝ እጃቸው ኤልን መቱ። «የተማርኩበት ታይፕ አንድ ቁጥር አልነበረውም። ሁላችንም በዚህ ነበር የምንጽፈው። ወረቀት ላይ ማን ይለየዋል?» አሉና ፊቴን አዩ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። እሳቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ልክ የነበረውን ነው ያደረጉት። ፊደሉን በሩ ላይ አስቁሞ መመለስ የነበረበት ያ ያልጻፍኩት ክፍል ነው። ስህተቱ የተወለደው በዚያን ጊዜ ነው፤ ውኃ ሞልቶ ሳለ ተራ የሚጠይቅ ስላልነበረ ወራቱን ሁሉ ተኝቶ ኖረ። ክፍሉን እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩት። መላኩ ግማሽ ሰዓት ያለው ሃያ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ኃላፊያችን አቶ ግርማ ነገሩንና ዱቡሻ ልሄድ መሆኑን ስነግራቸው በሩን ዘጉ።

«አስተካክለሽዋል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ ውኃዋን ታገኛለች። ዱቡሻ ምን ያስኬድሻል? ኮምፒዩተሩ ተሳሳተ ከተባለ ከእንግዲህ ወረቀታችንን ማን ይቀበላል? ሽማግሌዎቹ ባሳን ያውቁታል፣ ይቅር ይሉታል።»

«ያላጠፋውን ነው ይቅር የሚሉት?» አልኳቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ። እንዳልሄድ ግን አልከለከሉኝም፤ ለዚህ እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የጫኖ መኪና እስኪሞላ መጠበቅ አቅቶኝ ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ተሳፈርኩ። ስደርስ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ያንን ባለደማቅ ቀለም የጋሞ ሸማ፣ ዱንጉዛ፣ ለብሰዋል። ጋሽ ባሳ ለብቻው ቆሟል። ወይዘሮ አማረች ከማዶ። ክሱን ተናግራ ጨርሳ ነበር። ከዳር ሆኜ እጄን አነሣሁ፤ አንድ ሽማግሌ በጋሞኛ ጠየቁ፣ ከዚያ በአማርኛ «ትናገር» አሉ።

ስለ ሰነፍ ቋንቋና ስለ ጽሑፍ ማን ይሰማኛል? ወረቀቱን ዘርግቼ፣ «ይህን የምታወጣው እኔ ነኝ» አልኩ። «አሥራ አራት ቁጥር ስትጻፍ አንዱ ፊደል ሌላ ነበር። ማሽኑ ስላላወቃት ታች ጣላት። ሲገባ መመርመር የእኔ ሥራ ነበር፤ ታዝዤም አልሠራሁትም። ጋሽ ባሳ የተሰጠውን ነው ያነበበው።» የእትዬ ሙሉን ስም አላነሣሁም። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብለው ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩና፣ «ስድስት ሳምንት?» አሉኝ። «ስድስት ሳምንት» አልኩ።

ወይዘሮ አማረች ቀድማ ተንቀሳቀሰች። ይቅርታ የሚለመንበትን እርጥብ ሣር ከቦዩ ዳር ነጭታ ሄዳ በጋሽ ባሳ ፊት ተንበረከከች። እሱ ደንግጦ ብድግ አደረጋት። ወደ እኔም መጣች፤ ተቆጥታለች፣ ታለቅሳለችም። «ሙዜ አይመለስም» አለችኝ፤ «ግን መጣሽ።» ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ነገሩ አለቀ ተባለ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ሰኞ አዲሱን ወረቀት ሊወስድ የመጣው ጋሽ ባሳ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ነው። ጋሽ ባሳ ጠባቂነቱን ትቷል አሉኝ። ማክሰኞን ቻልኩት፤ ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ጫኖ ወረድኩ። በራሱ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ዶማ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ያን ቀን የእሱ ተራ ነበር። ውኃው ግን ወደ እሱ በቆሎ አይሄድም፤ ደለሉን ቆርጦ ወደ ወይዘሮ አማረች ማሳ እየመራው ነው። የእሱ በቆሎ ቅጠሉ ተጠቅልሏል።

«ጋሽ ባሳ፣ ምን እየሠራህ ነው? ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እኮ እሷም ተራ አላት» አልኩት።

«አውቃለሁ። ያ ግን የቀረባትን ስድስት ሳምንት አይሞላም።»

«ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ ሁሉም ሰምቷል። ወደ ሥራህ ተመለስ።»

ዶማውን አቁሞ ተደገፈበት። «ፀሐይ፣ አንተ ሴቻ ተቀምጠህ ነው የተሳሳትከው፤ አላየህም» አለኝ። «እኔ በየቀኑ በዚህ አልፋለሁ። ሙዙ ሲጠወልግ አየሁ። ሲደርቅ አየሁ። ዱሮ ቢሆን ዓይኔ ካየ እከፍትላታለሁ። አሁን ባርኔጣዬ ውስጥ ያለውን ወረቀት አወጣሁ፣ አነበብኩ፣ አለፍኩ። ስድስት ጊዜ አለፍኩ። ሽማግሌዎቹ ይህን አልጠየቁኝም።»

ውኃው የጎረፈበት አፈር ከፊታችን ተንዶ የውኃውን መንገድ ደፈነው። ጋሽ ባሳ ወደ አጥሩ ሄዶ ሌላ ዶማ አመጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ውኃው የወይዘሮ አማረችን የመጨረሻ መደዳ እስኪነካ ድረስ አብረን ቆፈርን።